እስከ አስፋልቱ ሸኚያቸው

ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ አዲሱን ቅጽ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ድርጅታችን የሚረዳቸውን ቤተሰቦች ስንጎበኝ የምንሞላው ቅጽ ነው። ከግርጌው ለልጁ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። «በሚደረግልህ ድጋፍ ደስተኛ ነህ?» ይላል። አጠገቡ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ አዎ፣ አንዱ አይደለሁም። ባልደረባዬ ሰባት ቤት ዞራ ሰባቱም ልጆች አዎ ብለዋታል።

«ጋሽ ይመር፣ በእርስዎ ጊዜም ልጆቹ ሁሉ ደስተኞች ነበሩ?» አለችኝ።

«ቤታቸው ተቀምጠን ስንጠይቃቸው፣ አዎ» አልኋት።

ሳቀች። የቀረውን ልነግራት ስል ሾፌሩ ከውጭ ጥሩንባ ነፋ፤ ቅጹን ሰብስባ ወጣች። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልሰማችኝን ልነግራት ነው።

ሥራ የጀመርሁት በዜና ነው። በደርግ ጊዜ ደሴ በነበረ አንድ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ዜና አጠናቅሬአለሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ቅጽል የሚባል ነገር አይወድም ነበር። «ደማቅ ስብሰባ» ብዬ ከጻፍሁ ደማቅ የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዝና ስንት ሰው እንደ ነበረ ይጠይቀኛል። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። አንድ ሰው ብቻ የነገረኝን ነገር ሁለተኛ ሰው ሳይደግምልኝ አልጽፍም። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ባለቤቴ ገበያ ውላ ስትመለስና ስለ ዋጋ ስታወራኝ እንኳ ማን እንዳላት እጠይቃታለሁ። ዜናው ግን እየዋለ እያደረ የስብሰባ ዜና ብቻ ሆነ። በዚህ መሀል አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በደሴ ቅርንጫፉ የቤተሰብ ዘገባ የሚጽፍለት ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። ደመወዙም ትንሽ ይሻል ነበር። ተዛወርሁ።

ቢሮው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ሁለት ክፍል ነበረው። ጧት ጧት ጭጋጉ በበሩ ገብቶ ከእኛ ጋር ይቀመጣል። አንድ የጽሕፈት መኪና፣ የካርቦን ወረቀትና የመዝገብ ቁም ሣጥን አለ። ዘገባው በሦስት ቅጂ ይመታል። አንዱ ደሴ ይቀራል፣ አንዱ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ተተርጉሞ ውጭ አገር ላሉት ለጋሾች ይላካል። የድጋፉ ደንብ ቀላል ነበር። ከአንድ ድሀ ቤት አንድ ልጅ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ላይ ፎቶው ይለጠፋል። በዚያ ልጅ ስም ቤቱ ዱቄትና ዘይት ያገኛል፤ ልጁ ደግሞ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ። የእኔ ሥራ ከደሴ ቀበሌዎች እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም እስከ ሐርቡ ድረስ ቤቶቹን እየዞርሁ ልጁ እንዴት እንደሆነ መጻፍ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ቀደም ሲል የባልትና መምህርት ነበሩ። አጭር ሴት ናቸው፤ ፀሐይም ሆነ ዝናብ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው አይጠፋም። የመጀመሪያ ቀን ኮምቦልቻ አንድ ቤት ይዘውኝ ገቡ። እኔ ወዲያው ደብተሬን አውጥቼ ልጁን በዜና ደንብ ጠየቅሁት። ልጁ እናቱ ፊት እጁን አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይስጥልን» አለ። ጻፍሁ። እትዬ ዘነበች ስለ ድጋፉ አንድም ቃል ሳይጠይቁ ከእናትየው ጋር ስለ ፍየሏ ሲጫወቱ ቆዩና ተነሣን። እናትየው ልጁን «ሸኛቸው» አለችው።

በእኛ አገር እንግዳ ከደጃፍ ብቻውን አይለቀቅም። አባወራው ወይም እማወራዋ እጃቸው ሥራ ከያዘ ልጅ ይታዘዛል። እንግዳውም ደንቡን ያውቃልና «ኧረ አይድከም፣ ይቀመጥ» ይላል። እኔም ያንኑ ልል አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቀደሙኝ። «እሰይ፣ ይሸኘን፤ መንገዱ ይጠፋኛል» አሉ። በዚያ መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሰዋል።

ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ ቀስ ብለው ሄዱ። ልጁ መጀመሪያ ከፊት ከፊት፣ ቀጥሎ ከጎናቸው ሆነ። ከአጥሩ ርቀን እናቱ እንዳትሰማ እርግጠኛ ሲሆን፣ ኳስ መጫወት እንደተወ ነገራቸው። ሱሪው ከእኛው የዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነበር፤ ጽሑፉ በስተኋላው ውሏል።

«ታዲያ ተቀምጠህ አትማርበትም?» አሉት።

«ስቀመጥማ አይታይም። ስሮጥ ነው የሚያነቡኝ።»

አልሳቁም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ያለውን ሁሉ መልሰው ለራሱ ነገሩትና «እንዲህ ነው ያልኸኝ?» ብለው ጠየቁት። አዎ ሲላቸው መርቀው መለሱት። ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተራቸውን ያወጡት። እኔ በጎን ሆኜ «ልጁ የሥነ ልቦና ጫና ደርሶበታል» ብለው እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረብሁ።

«እንዲህ አለ እንዴ?» አሉኝ።

አላለም። «ስሮጥ ያነቡኛል» ብለው ጻፉ። በሚቀጥለው ጉብኝት ከደሴ አንድ ፓኬት የልብስ ቀለም ገዝተው ሄዱና ሱሪውን ከእናትየው ጋር ጥቁር አድርገው ነከሩት።

ከእሳቸው ጋር በቆየሁበት ጊዜ ያየሁት ልማድ ይኸው ነው። ሰው ቤት ውስጥ እስክሪብቶ አያወጡም። የልጅን ቃል አያሽሞነሙኑም። የማይሰጡትን ነገር ቃል አይገቡም። ሕፃን አዋቂ ፊት ስለ ተሰጠው ነገር ክፉ መናገር ነውር መሆኑን ያውቃል ይሉ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን የልጁም የአዋቂውም ፊት ወደ መንገዱ ነው፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው የተሳሳትሁት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ክረምት ነበር። እትዬ ዘነበች ታመው ደሴ ቀርተዋል። እኔ በቢሮው ላንድሮቨር ሐርቡ ወረድሁ። ሾፌሩ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ጭጋግ ሳይዘጋው ለመመለስ ቸኩሏል፤ እኔም በአንድ ቀን አምስት ቤት ልጨርስ አስቤአለሁ። አራተኛው ቤት የወይዘሮ ሐዋ ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። የተመዘገበችው ትልቋ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ዘይነባ ናት። ታናሿ ሰዓዳ ስምንት ዓመቷ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም አብረውኝ ገብተው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ዘይነባን እንዴት እንደሆነች ጠየቅኋት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ብሎኛል» አለች።

ስነሣ ወይዘሮ ሐዋ «በይ እስከ አስፋልቱ ሸኚያቸው» አሏት። ልጅቷ ቶሎ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ «አያስፈልግም፣ መኪናው ወንዙን ተሻግሮ መጥቷል» ብዬ ወጣሁ። መኪናው ሲነሣ ዞር ብዬ አየሁ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች። አንዱን ጫማ አድርጋለች፤ ሌላውን በእጇ ይዛዋለች።

ማየት ሥራዬ ነውና አየሁ። አልጻፍሁትም። በማግሥቱ ጧት «ልጅቷ በሚደረግላት ድጋፍ ደስተኛ ናት» ብዬ በሦስት ቅጂ መታሁት። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ መኮንን፣ ወረቀት ሳይታጠፍና ሳይቆሽሽ እንዲደርሳቸው የሚወዱ ሰው፣ ፈጣን ሥራ ነው ብለው አመሰገኑኝ።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ የቀሪ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ከሐርቡ ትምህርት ቤት ደረሰን። ዘይነባ አለችበት። ሰዓዳም አለችበት። በዚያው ሳምንት በአውቶቡስ ብቻዬን ወረድሁ። ወይዘሮ ሐዋ ዘይነባ ደሴ ሰው ቤት ልትሠራ እንደሄደች፣ አንዲት የዘመድ ልጅ እንደወሰደቻት ነገሩኝ። ለምን እንደሄደች ስጠይቃቸው «ልጅ አይደለች፤ ከተማ አማራት መሰለኝ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ስነሣ ሸኚያቸው አላሉም። እኔው ራሴ ሰዓዳ ትሸኘኝ ዘንድ ለመንኋቸው።

ሰዓዳ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለችኝ። ቤታቸውንና አስፋልቱን የሚለይ ወንዝ አለ፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ውኃው ለልጅ እስከ ወገብ ይደርሳል። ጫማዬን አውልቄ አሻገርኋት። ማዶ ላይ ሳወርዳት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«እህቴ ነበረች የምታሻግረኝ።»

«እህትሽን ከተማ አማራት?»

«አላማራትም። ለእኔ ብላ ነው። የእሷ ስም ካለ የእኔ አይጻፍም አሏት፤ ከአንድ ቤት አንድ ነው አሏት። እሷ ስትሄድ እኔ እጻፋለሁ። ጫማውንም ለእኔ ትታው ሄደች፤ ትንሽ ይሰፋኛል።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ትምህርት ቤት ቀረሽ?»

ይህ ሰውዬ ምን ነካው በሚል ዓይን አየችኝ።

«ወንዙን ማን ያሻግረኛል?»

እናታቸው ገና ሳይነጋጋ ለቀን ሥራ ወደ ሰው እርሻ ይሄዳሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ሰዓዳ እንደ ቀላል ነገር ጨመረችልኝ።

«ያን ለት ልትነግርዎት ነበር። ጫማዋን ስታደርግ ሄዱ።»

አስፋልቱ ጋ ያለችውን ሁሉ መልሼ ለራሷ ነገርኋት። አንድ ቃል አረመችኝ። ወንዙን መልሼ አሻግሬአት ከቤቷ በታች ካደረስኋት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቃል በቃል ጻፍሁት። የመጨረሻውንም ዓረፍተ ነገር ጻፍሁት።

ደሴ ስመለስ ለእትዬ ዘነበች አነበብሁላቸው። አልተቆጡኝም። «መኪናው ስንት ሰዓት ቆጠበልህ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል አልኋቸው። ጃንጥላቸውን አንሥተው «በል እንሂድ፣ ልጅቷን እንፈልጋት» አሉ።

ከፒያሳ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ አገኘናት። የቤቱ እመቤት ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አትውሰዱብኝ አሉን። እትዬ ዘነበች አመስግነው ተነሡና «እስከ ፒያሳ ትሸኘን» ብለው አስፈቀዱ። ዘይነባ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። ጥቂት እንደሄድን ሳንጠይቃት ነገረችን። አትመለስም፤ ከተመለሰች ሰዓዳ ትሰረዛለች።

የማውቀውን ነገርኋት። ሰዓዳ ለድጋፉ አልተመዘገበችም፤ ማንም ስሟን አላቀረበም። ዘንድሮ ትምህርትም አልጀመረችም።

ዘይነባ ቆመች። «ወንዙ ነው?» አለች።

«ወንዙ ነው።»

«እማ ታሻግራታለች ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። እትዬ ዘነበችም ጃንጥላቸውን እየተከሉ አዘገሙ። ሱቆቹ መታየት ሲጀምሩ ጠየቋት።

«በሰጪው ቦታ ያለሽው አንቺ ብትሆኚ፣ እንዴት ትሰጪው ነበር?»

ሳቀች። «እኔ ምን አለኝና!»

«ቢኖርሽስ?»

«የልጅ ስም አልጽፍም» አለች አስባ። «የቤቱን ነው የምጽፍ። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላ። ጫማውን ሳደርግ ሰዓዳ እግሯን በቀሚሷ ትሸፍናለች። እናንተ ልጅ መርጣችሁ ትሰጡና ትሄዳላችሁ። እኛ እዚያው ነን።»

ከዚያም እኔን አይታ «ትቀይሩታላችሁ?» አለች። አዎ ልል ነበር። እትዬ ዘነበች እንደ ልማዳቸው ቀደሙኝ።

«አናውቅም። እንጠይቃለን። እምቢም ቢሉ መጥተን እንነግርሻለን።»

«እንግዲያው እስኪመልሱላችሁ እዚሁ ነኝ» አለች ዘይነባ፤ እኛን ፒያሳ አድርሳ ወደምታጥበው ልብስ ተመለሰች።

ዘገባውን እንዳለ መታሁት። አቶ መኮንን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይመር፣ ይህ የልጅ ወሬ ነው። አንተ ደግሞ ጥሩ ዘጋቢ ነበርህ» አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩት ግን ትክክል ነበር። ለጋሾቹ የሚሰጡት ስምና ፊት ላለው ልጅ ነው፤ የልጁን ስም ብናስቀር ድጋፉ ሁሉ ሊቆም ይችላል። እኔም የራሴን ሙያ ደንብ ነገርኋቸው፤ አንድ ምንጭ ዜና አይሆንም። ሌሎቹንም ልጆች ልጠይቅና ከዚያ ይወስኑ አልኋቸው። እስከ ገና ጊዜ ሰጡኝ። «መኪናው ግን ለሌላ ሥራ ይፈለጋል» አሉ፤ እንደ ቅጣት አስበውት ይሆናል።

እኔና እትዬ ዘነበች በአውቶቡስና በእግር ዞርን። በሄድንበት ቤት ሁሉ ስለ ፍየል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላ ተጫወትን፤ ከዚያ ተሸኘን። አንዲት ልጅ ዩኒፎርሙ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በስም ተጠርታ እንዲሰጣት አትፈልግም፤ ለእናቷ ቤት ድረስ ቢላክ ይሻላታል። አንዱ ልጅ ወንድሙ በደብተሩ ስለሚቀናበት ግማሹን ቀዶ ሰጥቶታል። ኮምቦልቻ ያ የከረጢት ሱሪው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነገረን። ስሙ ሲጠራ ደስ ይለዋል፤ በሕይወቱ ስሙ ወረቀት ላይ ተጽፎ ያየው በዚያ ብቻ ነው፤ እንዳትሰርዙት አለን። ዘገባውን ስጽፍ የእሱን ቃል መጀመሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ ለሐሳቤ የማይመቸውን ከኋላ መደበቅ አልተማርሁም። የዘይነባ በመጨረሻ ነበር።

አቶ መኮንን ያነበቡት ፊቴ ተቀምጠው ነው። የሱሪው ልጅ ዘንድ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና ማንበባቸውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ አንድ ሐሳብ ራሳቸው አመጡ። መዝገቡ በእናት ስም ይከፈት፤ ፎቶው ግን የአንድ ልጅ ሳይሆን የቤቱ ልጆች ሁሉ አብረው ቆመው የተነሡት ይሁን፤ የሁሉም ስም ከሥሩ ይጻፍ። ለሙከራ በሐርቡ ቤቶች ይጀመር ብለው ለዋናው ቢሮ ጻፉ። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ ተፈቅዷል።

አዲሱን የመዝገብ ወረቀት ይዘን ወደ ዘይነባ ሄድን። የምንላትን ሰምታ «ተጽፏል?» አለች። ሰጠኋት። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ራሷ አነበበችው። የእናቷን ስም አገኘች፤ ከሥሩ የእሷና የሰዓዳ ስም አብረው አሉ። የሰዓዳ ስም ላይ ጣቷን ትንሽ አቆየች። ከዚያ ጓዟን ለማምጣት ገባች። እመቤቲቱም ደግ ነበሩና የለበሱትን ፎጣ ከትከሻቸው አውልቀው ሰጧት።

ሐርቡ ስንደርስ ሰዓዳ ከወንዙ ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። ዘይነባ ተሻግራ ተቀበለቻት፤ ምንም ሳትላት ጀርባዋ ላይ አዘለቻትና ትምህርት ቤት ያለበት ወደ እኛ በኩል አመጣቻት፤ ከዚያ ያለ ምክንያት መልሳ አሻገረቻት። ሁለቱም ይስቁ ነበር። እትዬ ዘነበች ፀሐይ ነው ብለው ጃንጥላቸውን ከፈቱ።

ዘይነባ ያ ዓመት አልፎባት በሚቀጥለው መስከረም ከእሷ ካነሱ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጠች። አንድ ዓመት የወሰድሁባት እኔ ነኝ። በግማሽ ሰዓት የተወሰደ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ በዚያው ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ። ደርግ ሄደ፣ ኃላፊዎች ተለዋወጡ፣ የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ተተካ። እትዬ ዘነበች ጡረታ ሲወጡ ሥራውን ለእኔ ትተው ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ። ሌሎች ስሕተቶችም ሠርቻለሁ፤ ያንን ግን አልደገምሁም። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነው ያረጀሁት፤ ይህን የምለው ሰው ፊት ቆሜ ተጠይቄ አይደለም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ኮምቦልቻ ዘይነባ ቤት ሄድሁ። ዛሬ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት፤ ሰዓዳ ደግሞ መምህርት ናት። ምሳ በላሁ፣ ስለ ድሮው ትንሽ ተጫወትን፤ ስለዚያ ዓመት አንዳችንም አላነሣንም። ልነሣ ስል ዘይነባ እግርዎን እንዳያምዎት ብላ ባጃጅ አስጠራችልኝ። ባጃጁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያስጮሃል። ቢሆንም ደንቡ ደንብ ነውና የዘጠኝ ዓመት ልጇን «ተነሺ፣ እስከ አስፋልቱ ሸኚያቸው» አለቻት። ልጅቷ ጫማዋን ለማድረግ ወደ ውስጥ ገባች።

ባጃጁን መልሼ ላክሁት። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ሁለቱንም ጫማ አድርጋ፣ ማሰሪያውንም አስራ እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ዘይነባ ከውስጥ ሆና ታየኛለች።

ከአጥሩ ጥቂት እንደራቅን ልጅቷ ከፊቴ ወደ ጎኔ መጣች። ወደ ኋላ ዞራ ቤቱን አየችና «አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለችኝ።

እርምጃዬን ቀነስሁ።